ጳጳሱ ሲወጣ ባለሀብቱ ገባ፦ ቢሾፕ ኦክላንድ የማን ከተማ ናት?

በ2010 የእንግሊዝን ቤተ ክርስቲያን ሀብት የሚያስተዳድሩት ኮሚሽነሮች ሥዕል ለመሸጥ ወሰኑ። (ቀኖቹ፣ ወሮቹና ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ሥዕሎቹ ያዕቆብንና ልጆቹን ያሳያሉ። ስፔናዊው ፍራንሲስኮ ዴ ዙርባራን በ1640ዎቹ የሣላቸው ናቸው። እያንዳንዱ ሥዕል የሰው ቁመት ያህላል። ይሁዳ ዘውድ ደፍቷል፣ አንበሳም ከእግሩ ሥር አለ። ይሳኮር ከአህያ ጋር ነው፣ ዳን ደግሞ ከእባብ ጋር። ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 49ን ያነበበ ሰው ማን ማን እንደሆነ ሳይነግሩት ያውቃል።

እነዚህ ሥዕሎች ከ250 ዓመት በላይ የተሰቀሉት ማድሪድ ወይም ለንደን አይደለም። በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ፣ 25 ሺህ ያህል ሰው በሚኖርባት ቢሾፕ ኦክላንድ በምትባል የገበያ ከተማ ነው። ቦታቸውም የደርሃም ጳጳስ ግንብ ውስጥ፣ የምግብ አዳራሹ ግድግዳ ላይ። የኮሚሽነሮቹ ሒሳብ ቀላል ነበር። ሥዕሎቹ 15 ሚሊዮን ፓውንድ ያወጣሉ። ቤተ ክርስቲያኗ ጡረታ የምትከፍላቸው ካህናት አሏት። ሥዕል ደግሞ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ጡረታ አይከፍልም።

የአካባቢው ሰው ጮኸ። በመጨረሻ ጆናታን ራፈር የሚባል የለንደን ኢንቨስተር ብቅ አለ። ሰውዬው ከዚያው ከሰሜን ምሥራቅ የወጣ፣ አጥባቂ ክርስቲያን ነው። 15 ሚሊዮኑን ከፈለ። ድርድሩ ሲያልቅ ግን ጉዳዩ የሥዕል ብቻ መሆኑ ቀርቷል፤ በ2012 ግንቡም ጭምር እሱ ወዳቋቋመው በጎ አድራጎት ድርጅት ተዛወረ። ሥዕል ሊያስቀር ገብቶ ግንብ ይዞ ወጣ ማለት ነው። ከ800 ዓመት በላይ የጳጳሳት መኖሪያ የነበረው ግቢ ጳጳሱን ሸኘ።

ከዚያ ወዲህ የሆነው ነገር ብዙ ነው። በ2016 ኪንረን የሚባል የምሽት ትርዒት ተጀመረ። የእንግሊዝን ታሪክ በሜዳ ላይ የሚያሳይ፣ በአብዛኛው በበጎ ፈቃደኞች የሚሠራ ትልቅ ድግስ ነው። በ2017 የማዕድን ሠራተኞች ሥዕል ጋለሪ ተከፈተ። በ2018 የገበያ አደባባዩ ጫፍ ላይ የእንጨት ማማ ቆመ። በ2019 ግንቡ ታድሶ ተከፈተ። በ2021 የስፔን ሥዕል ጋለሪ፣ በ2023 የእምነት ሙዚየም ተከተሉ። ለ25 ሺህ ሰው ይህ ሁሉ ሙዚየም! ትልልቅ ከተሞችም አይኖራቸው።

ከአደባባዩ ወደ ኒውጌት ጎዳና ስትወርዱ ግን ሌላ ዓለም ነው። የተዘጋ ሱቅ፣ የተለጠፈ «ይከራያል»፣ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥ የእርዳታ ድርጅት ሱቅ። ጎዳናው የሮማውያንን የጥንት መንገድ ተከትሎ የተሠራ ዋና የንግድ መስመር ነበር። ዶጋርትስ የሚባለው የአካባቢው ትልቅ መደብር በ1895 እዚሁ ከተማ ተከፍቶ በ1980 ተዘጋ። ዛሬ ገዢው መኪናውን ይዞ ከመሃል ወጣ ብሎ ወዳለው ወደ ቲንዴል ይሄዳል። እዚያ ፓርኪንግ ነፃ ነው፣ ሱፐርማርኬቱም ሰፊ ነው።

እዚህ ላይ የሚነሳው ጥያቄ የዚህች ከተማ ብቻ አይደለም። መሃሏ እየሞተ ያለች የእንግሊዝ ትንሽ ከተማ ሁሉ ይጠይቀዋል፦ ማን ያድነን? መንግሥት? ምክር ቤት? ወይስ ደግ ሀብታም? ቢሾፕ ኦክላንድ ሦስተኛውን እየሞከረች ነው። የሚገርመው ይህ ለእሷ አዲስ ነገር አለመሆኑ ነው። ከተማዋ ከተወለደች ጀምሮ የኖረችው በአንድ ትልቅ ሰው በር ላይ ነው።

መጀመሪያ ትንሽ ስለ ስሙ። ቢሾፕ ማለት ጳጳስ ነው፤ ስሟ ራሱ ባለቤቷን ይናገራል። የኒው ዚላንዱ ኦክላንድ በሎርድ ኦክላንድ የተሰየመ ሲሆን፣ የሎርዱ ማዕረግ የመጣው ከዚችው ከተማ ጎረቤት ከዌስት ኦክላንድ ነው። የማንቼስተር ዩናይትድ ደጋፊ ከሆናችሁ ደግሞ ውለታ አለባችሁ። በ1958 ከሙኒኩ የአውሮፕላን አደጋ በኋላ ክለቡ ተጫዋች ሲያጣ፣ የዚች ከተማ አማተር ቡድን ሦስት ልጆቹን ልኮለታል።

አሁን ወደ ጳጳሳቱ።

የደርሃም ጳጳስ ሀብት ምንጩ አንድ የሞተ ሰው ነው። ቅዱስ ኩትበርት በ687 ሲያርፍ በሊንዲስፋርን ደሴት ተቀበረ። ቫይኪንጎች ሲመጡ መነኮሳቱ አስከሬኑን ተሸክመው ተሰደዱ። በ883 ቼስተር ለ ስትሪት ደረሱ፣ በ995 ደርሃም ላይ አረፉ። በየመንገዱ ነገሥታትና መኳንንት መሬት ሰጡ። የሚሰጡት ለጳጳሱ አልነበረም፤ ለቅዱሱ ነበር። ንጉሥ ክኑት ኦክላንድን የሰጠው በ1020 አካባቢ ነው። ጳጳሱ እንግዲህ የቅዱሱ መሬት ጠባቂ ነው። ጠባቂ ሆኖ የሚያዝ ሰው ደግሞ ከባለቤቱ ይብሳል። ቅዱሱን ሄዶ የሚጠይቅ የለማ!

ከፈረንሳይ የመጡት ኖርማኖች በ1066 እንግሊዝን ሲይዙ ይህን ሥልጣን አላፈረሱትም፤ እንዲያውም አጠናከሩት። ምክንያቱ ስኮትላንድ ነው። ድንበሩ ከለንደን ሩቅ ነው። ጦር ሲመጣ ንጉሡን ጠይቆ መልስ መጠበቅ አይቻልም። እዚያው ሆኖ ጦር የሚያዝ፣ ግብር የሚሰበስብ፣ የሚፈርድ ሰው ያስፈልጋል። ይህን ሥልጣን ለመስፍን ብትሰጠው ለልጁ ያወርሰዋል፣ ልጁም አንድ ቀን ይሸፍታል። ጳጳስ ግን ሕጋዊ ወራሽ የለውም። ሲሞት ግዛቱ ንጉሡ እጅ ይገባል፣ አዲስ እስኪሾም ድረስ ገቢውም ለንጉሡ ይሆናል። ሹመቱ ላይ ደግሞ የንጉሡ ቃል ይሰማል። እንደ ፖለቲካ ዘዴ ብልጥ ነው።

ስለዚህ የደርሃም ጳጳስ የራሱ ፍርድ ቤት ነበረው። በስሙ የሚፈርዱ ዳኞች ነበሩት። ብር ሳንቲም ይመታ ነበር። ሌላው የእንግሊዝ ክፍል የገበያ ፈቃድ የሚለምነው ከንጉሡ ሲሆን፣ በደርሃም ፈቃዱን የሚሰጠው ጳጳሱ ራሱ ነው። ግዛቱም እስከ 17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ለፓርላማ ተወካይ አልላከም። የጳጳሱ ሰው እንጂ የፓርላማ ሰው አልነበረምና።

ይህ ሥልጣን መሬት ላይ ምን ይመስል እንደነበር የሚያሳየን አንድ መዝገብ አለ። የ1086ቱ የእንግሊዝ ታላቅ የመሬት ቆጠራ ደርሃምን አላካተተም። ወደ መቶ ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ በ1183 ጳጳስ ሂዩ ዱ ፒዩሴ የራሱን አስቆጠረ። መዝገቡ «የቦልደን መጽሐፍ» ይባላል። የቃላት ማሳመሪያ የለውም። ማን ስንት ቀን ያርሳል፣ ማን ስንት ዶሮ ያመጣል፣ ማን ጋሪ ያቀርባል፣ ይኸው ነው።

የኦክላንድ ገባሮች ክፍል ግን ልዩ ነው። ጳጳሱ አደን ይወዳል። ለአደን ሲወጣ ደግሞ ጫካ ውስጥ ቤት ይፈልጋል። ስለዚህ የኦክላንድ ገባሮች በሙሉ ተሰብስበው አዳራሽ ይሠሩለታል። ርዝመቱ 60 ጫማ፣ ስፋቱ በምሰሶዎቹ መሃል 16 ጫማ፤ ማለትም 18 ሜትር በ5 ሜትር ያህል። የመጠጥ ጓዳ ይጨመርበታል። የመኝታ ክፍልና መጸዳጃም እንዲሁ። በዚህ አላበቃም። ጸሎት ቤትም ይሠራሉ፣ 40 ጫማ በ15 ጫማ። በአዳኞቹ ማደሪያ ዙሪያ የአጥሩን ድርሻቸውን ያጥራሉ። የጭልፊቶቹን ጎጆ ይጠብቃሉ። ጳጳሱ ሲጠራቸው ለአጋዘን አደን ይወጣሉ። በቅዱስ ኩትበርት የዓመት ገበያ ቀን ደግሞ 18 ዳስ ይተክላሉ።

ለዚህ ሁሉ ምን ያገኛሉ? መዝገቡ ይህንንም ጽፏል። 2 ሽልንግ ይሰጣቸዋል። ጳጳሱ ተነሥቶ ሲሄድ ደግሞ አንድ በርሜል ጠላ።

ሳቅ ያመጣል። 18 ሜትር አዳራሽ ለአንድ በርሜል ጠላ! ግን ቆም ብለን እንየው። ሥርዓቱ ፍትሐዊ ነበር የሚል ሰው ካለ እኔ አይደለሁም። ገባሩ መሬቱን ጥሎ መሄድ አይችልም፣ እህሉን የሚያስፈጨው በጌታው ወፍጮ ነው። መዝገቡ ግን የሁለቱንም ወገን ዕዳ ይዟል። ጠላው ከቀረ ገባሩ «የታለ?» ማለት ይችላል፣ ተጽፏላ። የተጻፈ ግዴታ፣ ትንሽም ቢሆን፣ ከሌላው ወገን ቸርነት የተለየ ነገር ነው። ይህን ልብ በሉልኝ፣ ወደ ራፈር ስንመለስ ያስፈልገናል።

ገበያውም የጌታ ንብረት ነበር። ዛሬ ገበያ ስንል ሰው የሚሰበሰብበት ቦታ ነው የሚመስለን። በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ ግን ገበያ መብት ነው። የሚያዝ፣ የሚወረስ፣ የሚከበር። ድንኳን የሚተክል ይከፍላል፣ ከብት የሚያስገባ ይከፍላል፣ ሚዛኑ ላይም ክፍያ አለ። ጎረቤት መንደር አዲስ ገበያ ቢያቆም ባለመብቱ ይከሳል። የ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሕግ አዋቂዎች ርቀቱን ሳይቀር አስልተውታል። የአንድ ቀን መንገድ 20 ማይል ነው ይላሉ። ለሦስት ይከፈል፦ ሲሶው ለመሄድ፣ ሲሶው ለመገበያየት፣ ሲሶው ሳይመሽ ለመመለስ። ስለዚህ አዲስ ገበያ ከነባሩ ከ6 ማይል ከሁለት ሦስተኛ ባነሰ ርቀት ላይ አይቆምም። 11 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚህ ሕግ ቢሆን ኖሮ ቲንዴል አይከፈትም ነበር! ደህና፣ ቀልዱን እንተወው። ግን እውነት አለው። የድሮው ሕግ የከተማ መሃል በቅርብ ተፎካካሪ እንደሚሞት አውቆ ነበር።

ከጳጳሳቱ ሁሉ ጎልቶ የሚወጣው አንተኒ ቤክ ነው። ከ1283 ጀምሮ በ1311 እስኪሞት ድረስ ደርሃምን ያዘ። ጳጳስ ቢሆንም ጦር ይመራል። በ1298 በፎልከርክ ጦርነት ከንጉሥ ኤድዋርድ ቀዳማዊ ጦር አንዱን ክፍል የመራው እሱ ነው። በ1306 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ የኢየሩሳሌም ፓትርያርክ የሚል ማዕረግ ጨመሩለት። የደርሃም መነኩሴ የጻፈው ዜና መዋዕል ስለ እሱ የሚያወራው ወሬ አለ። አንድ ቀን ለንደን ውስጥ 40 ትኩስ ዓሣ ሊሸጥ ወጣ። ዋጋው ተወዶ መኳንንቱ ተዉት። ቤክ 40 ሽልንግ ቆጥሮ ወሰደው። ያኔ የቀን ሠራተኛ በቀን 2 ፔኒ እንኳ አይሞላለትም፣ አንድ ሽልንግ ደግሞ 12 ፔኒ ነው። ቁጥሩን እናንተ ሥሩት። ሌላ ጊዜ አንድ ሰው ጨርቅ አይቶ «ይህን የደርሃም ጳጳስ እንኳ አይገዛውም» አለ አሉ። ቤክ ይህን ሰምቶ ገዛው፣ ለፈረሶቹ ልብስ አስቆረጠው። ለራሱ ግን በልክ የሚበላና የሚተኛ ሰው ነበር ይላል ያው መነኩሴ። የሚያባክነው ለክብር ነው እንጂ ለሆዱ አይደለም።

በ1302 የቤክ አስተዳዳሪ የተናገረው ይባላል፦ በእንግሊዝ ሁለት ነገሥታት አሉ፣ አንዱ ዘውድ የሚደፋው ንጉሥ፣ ሌላው በዘውድ ፋንታ የጳጳስ አክሊል የሚደፋው የደርሃም ጌታ። ይህን ዓረፍተ ነገር የእንግሊዝ አስጎብኚዎች እስኪሰለች ይደጋግሙታል። የሚዘነጉት ግን ያኔ የነበረውን ጭቅጭቅ ነው። ልክ በእነዚያው ዓመታት የገዛ ሕዝቡ ተነሥቶበታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤክ የደርሃምን ሰዎች ለስኮትላንድ ጦርነት ወሰዳቸው። ሰዎቹ አንሄድም አሉ። እኛ የቅዱስ ኩትበርት ሕዝብ ነን፤ ግዴታችን የቅዱሱን መሬት መጠበቅ ነው፣ ከታይን ወንዝና ከቲስ ወንዝ ውጭ አንዘምትም አሉ። ጥለውም ተመለሱ። ቤክ አሰራቸው። እነሱም ጳጳሱን አልፈው ለንጉሡ አቤት አሉ። ንጉሡም ከቤክ ጋር በሌላ ጉዳይ ተኳርፎ ስለነበር ሰማቸው። ግዛቱን ለጊዜው ከቤክ እጅ አወጣ። በ1303 ቤክ ተገዶ ለነፃ ገባሮቹ የመብት ደብዳቤ ጻፈላቸው።

ተቃውሞው ብልህ ነው። ሕዝቡ ጳጳስ አያስፈልገንም አላለም። የጳጳሱን የሥልጣን ምንጭ፣ ቅዱሱን፣ ወስዶ መልሶ በጳጳሱ ላይ አዞረው። የሚከራከርበት ቋንቋ ነበረው። ከጳጳሱ በላይ የሚሰማው አካልም ነበር።

ቤክ በኦክላንድ ትልቅ ጸሎት ቤት ሠርቷል። ርዝመቱ 40 ሜትር፣ ስፋቱ 12 ሜትር፣ የግድግዳው ውፍረት ሜትር ተኩል። በጊዜው የንጉሡ የዌስትሚንስተር ጸሎት ቤት እንኳ አይደርስበትም። ይህን የምናውቀው ግን በቅርቡ ነው። ምክንያቱም ሕንፃው ለ350 ዓመት ጠፍቶ ነበር። በ1640ዎቹ የእርስ በርስ ጦርነት ፓርላማው አሸንፎ ጳጳሳትን ሻረ፣ ንብረታቸውንም ሸጠ። ኦክላንድን የገዛው የፓርላማው ወገን የነበረው ሰር አርተር ሃዝልሪግ ነው። ለራሱ ዘመናዊ ቤት ሊሠራ ብሎ ጸሎት ቤቱን አፈረሰው። የደርሃም ዩኒቨርሲቲ አርኪዮሎጂስቶች መሠረቱን ቆፍረው ማግኘታቸውን ያሳወቁት በመጋቢት 2020 ነው። አስቡት፣ ግንቡን ባለሀብት ባይገዛው ቁፋሮው ይደረግ ነበር? አይመስለኝም። ይህን ለራፈር መስጠት አለብን።

ዘውዳዊው አገዛዝ ሲመለስ ጳጳሳቱም ተመለሱ። ጳጳስ ጆን ኮዚን በ1660ዎቹ አሮጌውን የድግስ አዳራሽ ወደ ጸሎት ቤት ቀየረው። ከመቶ ዓመት በኋላ የመጣው ሪቻርድ ትሬቨር ነው ያዕቆብንና ልጆቹን የገዛው፣ በ1756፣ በ124 ፓውንድ። ብንያም ብቻ በጨረታው አመለጠው፣ ሌላ መኳንንት ወሰደው። ትሬቨር ቅጂ አሠርቶ ቦታውን ሞላ። የግዢው ጊዜ በአጋጣሚ አይመስልም። በ1753 አይሁዶች ዜግነት እንዲያገኙ የሚፈቅድ ሕግ ወጥቶ ነበር፤ ሕዝቡ ጮሆ ብዙም ሳይቆይ ተሻረ። ትሬቨር ሕጉን ደግፏል። ጌቶችን እራት እየጋበዘ፣ ዐሥራ ሁለቱን ነገድ ፊት ለፊታቸው አቆመ። ሳይናገሩ መናገር ማለት ይህ ነው።

የጳጳሱ መስፍናዊ ሥልጣን በ1836 በሕግ አበቃ። ከዚያ በኋላ የኦክላንድ ታሪክ የድንጋይ ከሰል ታሪክ ነው። ባቡር መጣ፣ ጉድጓድ ተቆፈረ፣ የገበያ ከተማዋ የማዕድን ከተማ ሆነች። ጳጳሱ ግን ግንቡ ውስጥ ነው ያለው፣ ሰውም አሁንም ወደ በሩ ይመጣል። በ1892 የደርሃም የከሰል ሠራተኞች የደመወዝ ቅነሳን ተቃውመው ለወራት አድማ ላይ ነበሩ። ቤተሰብ ተራበ። በሰኔ 1 ጳጳስ ዌስትኮት ባለማዕድኖቹንና የሠራተኞቹን ተወካዮች ግንቡ ውስጥ ሰብስቦ አስታረቀ። ሠራተኞቹ 10 በመቶ ቅነሳ ተቀብለው ወጡ። አሸናፊው ማን እንደሆነ ግልጽ ነው። ቢሆንም ሕዝቡ ዌስትኮትን ወደደው።

ሁሉም እንደ ዌስትኮት አልነበረም። በ1920ዎቹ የነበረው ጳጳስ ሄንሰን የሠራተኛ ማኅበርን አይወድም ነበር፣ ሠራተኞቹም እሱን። በ1925 በደርሃም በተካሄደው የማዕድን ሠራተኞች ዓመታዊ በዓል ላይ ሰዉ አንድ የካህን ልብስ የለበሰ ሰው አየና ሄንሰን ነው ብሎ ተረባረበበት፣ ወደ ወንዙ ገፋው። በጀልባ ተረፈ። ሰውየው ሄንሰን አልነበረም፣ የካቴድራሉ አስተዳዳሪ ዌልደን ነበር። ምስኪን! ግን ነገሩ አንድ ነገር ያሳያል። ጳጳሱ የሚወደድም የሚጠላም ጎረቤት ነበር። ሕዝቡ የት እንደሚያገኘው ያውቃል።

ከዚያ ጉድጓዶቹ ተዘጉ። ጎረቤት ሺልደን ያለው የባቡር ፋብሪካ በ1984 ተዘጋ። የሚቀጥለውን ታውቁታላችሁ። ሥራ የለም፣ ገዢ የለም፣ ሱቅ የለም። ቤተ ክርስቲያኗ ደግሞ ሥዕሉን ልሽጥ አለች።

አሁን ያለውን ሁኔታ እንመዝነው። የመንግሥት ገንዘብ አልጠፋም። ከተማዋ ከትናንሽ ከተሞች ማነቃቂያ ፈንድ 33.2 ሚሊዮን ፓውንድ፣ ከንግድ ጎዳናዎች ፈንድ 19.9 ሚሊዮን ተመድቦላታል። መራጩም ዝም አላለም። የደርሃም ካውንቲ በ2016 ከአውሮፓ ኅብረት ለመውጣት 57.5 በመቶ ድምፅ ሰጠ። የቢሾፕ ኦክላንድ የምርጫ ክልል ከ1885 ጀምሮ የወግ አጥባቂ ፓርቲ ሰው መርጦ አያውቅም ነበር፣ በ2019 መረጠ። በ2024 ወደ ሌበር ፓርቲ ተመለሰ። በግንቦት 2025 የካውንቲውን ምክር ቤት ሪፎርም ዩኬ የሚባለው ፓርቲ ጠራርጎ ያዘ። ይህ የተበሳጨ ሰው አመራረጥ ነው። አንዱን ይሞክራል፣ ይጥላል፣ ሌላውን ያነሣል።

ሊጥለው የማይችለው ብቸኛ ኃይል የግንቡ ባለቤት ነው። ራፈር መጥፎ ሰው ስለሆነ አይደለም። ገንዘቡን ሌላ ቦታ ቢያፈስ ማንም አይወቅሰውም ነበር። ግብር አይሰበስብም፣ አዳራሽ ሥሩልኝ አይልም። የእሱ ድርጅት ከግንቡ አልፎ በገበያ አደባባዩ ዙሪያ በርካታ ሕንፃዎችን ይዟል። የድሮ ባንኮች ጋለሪ ሆነዋል። ስለዚህ አደባባዩ ላይ ምን ይከፈታል፣ ምን ይዘጋል፣ ለማን ይከራያል የሚለውን ትልቁን ድርሻ የሚወስነው አንድ ድርጅት ነው። የከተማው ሰው ደስ ካለው ያመሰግናል፣ ካልሆነለት ያጉረመርማል። የሚጠይቅበት መዝገብ ግን የለውም። የ1183ቱ ገባር ጠላዬ የታለ ማለት ይችል ነበር። የ1303ቱ ደግሞ ለንጉሥ አቤት ብሎ የመብት ደብዳቤ አስጽፏል። ቸርነትን ግን በምን ትከሰዋለህ?

ሁለተኛው ችግር ሙዚየምና ሱቅ ሌላ ሌላ ገበያ መሆናቸው ነው። ዙርባራንን ለማየት የመጣ እንግዳ ቡና ይጠጣል፣ ምሳ ይበላል፣ ይሄዳል። ጫማ አይገዛም። ኒውጌት ላይ ሱቅ የነበረው ነጋዴ የኖረው ግን በየሳምንቱ በሚመጣ የአካባቢ ሰው ነው። የመካከለኛው ዘመን ጳጳስ ገበያውን የሚጠብቀው ለሕዝቡ አዝኖ አልነበረም፤ ገቢው ከዚያ ስለሚመጣ ነው። ከድንኳኑ ይቀረጣል፣ ድንኳኑ ከጠፋ ቀረጡም ይጠፋል። የጌታውና የገበያው ጥቅም በአንድ ገመድ ታስሮ ነበር። የዛሬው በጎ አድራጊ ጥቅም ከኒውጌት ሱቆች ጋር እንዲህ አልታሰረም። ሱቆቹ ቢዘጉም ጋለሪው ይከፈታል።

ሌላ መንገድ የሞከረች ከተማ ሩቅ አይደለችም። ስቶክተን በቲስ ወንዝ ዳር ናት። የገበያ ፈቃዷን በ1310 የሰጣት ያው ዓሣ ገዢው ቤክ ነው። የጳጳሳቱ ግንብ እዚያም ነበር፣ በእርስ በርስ ጦርነቱ ማግሥት ፈርሷል። በ1970ዎቹ በቦታው ላይ ካስልጌት የሚባል የገበያ ማዕከል ተሠራ። ማዕከሉ እየከሰመ ሲሄድ ምክር ቤቱ በ2019 ገዛው፣ ቀጥሎም አፈረሰው። ቦታው ከዋናው ጎዳና እስከ ወንዙ የሚዘረጋ መናፈሻ እንዲሆን ተወሰነ። ሱቅ በዝቷል፣ እንቀንሰው፣ የቀረውን አንድ ቦታ እንሰብስበው ነው ሐሳቡ። ብዙ ሰው ተቃውሟል፤ የሕዝብ ገንዘብ ነውና። ግን የሚቃወምበት ስብሰባ ነበረው፣ ቁጥሩን የሚያይበት በጀት ነበረው፣ ያላማረውን በምርጫ የሚያወርድበት ቀን አለው።

እኔ ብጠየቅ የስቶክተንን መንገድ እመርጣለሁ፣ ምንም እንኳ የኦክላንዱ ለዓይን የበለጠ ቢያምርም። ቢሾፕ ኦክላንድ ግን ሁለቱን ማጣመር አያቅታትም። ድርጅቱ በአደባባዩ የያዛቸውን ሕንፃዎች ምድር ቤት ለአካባቢው ነጋዴ፣ በረጅም ውል፣ በሚቻል ኪራይ የሚሰጥበት ስምምነት ከምክር ቤቱ ጋር ተፈርሞ በይፋ ሊወጣ ይችላል። ምን ያህል ሱቅ፣ ለስንት ዓመት፣ በስንት። የጋለሪው ጎብኚ ስንት ደረሰ ከሚለው የዓመት ሪፖርት ይልቅ እኔ የምጠብቀው ያንን ወረቀት ነው።